ጡረታ ስወጣ አደርገዋለሁ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲለፉ ውሎ፣ ቤት ገብቶ ጋደም ማለት እየተቻለ፣ ስለ ትርፍ ጊዜ የሚወራ ንግግር ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ለምን ቀላል እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ሁላችንም የምንላት አንዲት ነገር አለች። «ጡረታ ስወጣ አደርገዋለሁ።» ጡረታ ስወጣ አነባለሁ። ጡረታ ስወጣ ሥዕል እጀምራለሁ። ጊታር እማራለሁ፣ ዋና እለምዳለሁ፣ አገር አያለሁ። ይህችን የምንላት በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነን ነው። ሥራው አናታችን ላይ ሲወጣ፣ ልጅም ወላጅም እኩል ሲፈልጉን። ታጽናናለች፣ አልክድም። ችግሯ ብዙ ጊዜ ሳትፈጸም መቅረቷ ነው።

የዛሬው ነገሬ ባጭሩ ይኸው ነው። በ70 ዓመታችን ጊዜያችንን እንዴት እንደምናሳልፍ በመወሰን ረገድ፣ በ45 ዓመታችን የያዝነው ሥራ ትልቅ እጅ አለው። ደመወዙን ብቻ ማለቴ አይደለም። የሥራውን ጠባይ ነው። አሠራሩን ማን ይወስናል? መግቢያና መውጫው ይታወቃል ወይ? ማታ ከሥራ ስንወጣ ከራሳችን ምን ያህሉ ተርፎን ነው የምንወጣው?

ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እያቀናነሳችሁ ስሙኝ።

ጥያቄው ራሱ አዲስ ነው። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ በ1889፣ ለሠራተኞች የእርጅና ጡረታ ስትደነግግ መነሻ ዕድሜው 70 ነበር። ብዙ ሰው 65 ይመስለዋል። ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። ያኔ ከሠራተኛው መካከል 70 የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ የደረሰውም ብዙ ዓመት አይተርፈውም። ዛሬ በብዙ አገር ከጡረታ በኋላ 15 እና 20 ዓመት መኖር ብርቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት ደግሞ «አርፋለሁ» ብሎ ብቻ መዝለቅ አይቻልም። ዕረፍት እስኪወጣልን ድረስ ነው የሚጥመው። ከዚያ በኋላስ?

ስዊድኖች በ1968 አንድ ትልቅ ጥናት ጀመሩ። አገሪቱን የሚወክሉ ሰዎች መርጠው ኑሯቸውን ከላይ እስከ ታች ጠየቋቸው። ሥራቸውን፣ ጤናቸውን፣ ገቢያቸውን፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያደርጉትን። ከዚያ በየተወሰነ ዓመት እየተመለሱ ጠየቁ። በ2002 ሌሎች ተመራማሪዎች ከነዚያው ሰዎች መካከል ለእርጅና የበቁትን አግኝተው የድሮ መልሳቸውን ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። በመሃል 34 ዓመት አልፏል።

ዕድሜ ሲገፋ ተሳትፎ በጥቅሉ ቀንሷል። ይህ ማንንም አይደንቅም። ልብ የሚባለው ሌላው ውጤት ነው። አንድ ሰው በእርጅናው ምን እንደሚያደርግ ደህና አድርጎ የሚጠቁመው፣ በጎልማሳነቱ ያደርግ የነበረው ነገር ሆኖ ተገኘ። ድሮ ያነብ የነበረው ሲያነብ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ድሮ ያላነበበው ግን ጊዜ ስላገኘ ብቻ መጽሐፍ አያነሳም። አሜሪካዊው የእርጅና ተመራማሪ ሮበርት አችሊም በ1989 የጻፈው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሰው ሲያረጅ የሚመጣበትን ለውጥ የሚቋቋመው በሚያውቀው መንገድ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ የለመደውን ነገር ይዞ ነው የሚል ነው ሐሳቡ።

ይህ ዕጣ ፈንታ ነው እያልኩ አይደለም። በ66 ዓመታቸው ጀምረው ጉድ ያሰኙ ሰዎች አሉ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። የምናውቃቸው ግን ጥቂት ስለሆኑ ነው። ብዙ ቢሆኑ ኖሮ ማን ያወራላቸው ነበር?

ለምንድን ነው መጀመር እንዲህ የሚከብደው? እስቲ አንድ የማውቃቸውን ሰውዬ ላንሳ። ለረጅም ዓመታት የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ድምፃቸው ያምራል፤ በየግብዣው «እስቲ አንዴ» እየተባሉ ይዘፍናሉ። ጡረታ ሲወጡ የመዘምራን ቡድን ገቡ። የቡድኑ መሪ በልጃቸው ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ አስቆመቻቸውና «እርስዎ፣ ግማሽ ምት ቀድመው እየገቡ ነው። እንደገና» አለቻቸው። ደገሙት። «አሁንም ቀደሙ። እስቲ ብቻዎን ይሞክሩት።» ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። የሚገርመው፣ ለልጅቷም ለሌሎቹም ይህ ምንም አልነበረም። በየልምምዱ ሁሉም ሰው የሚደርስበት ነገር ነው። ለእሳቸው ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ያላቸው የለም። ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ያዛቸው። የሚቀጥለውንም ሳምንት እንዲሁ። በዚያው ቀሩ።

ድምፅ አንሷቸው አይደለም። ያጡት ጀማሪ መሆንን ነው። የመካከለኛ ዕድሜ ሥራ ብዙዎቻችንን በአንድ ነገር አዋቂ ያደርገንና ከዚያ ከአንዱ ነገር ውጭ እግራችንን አንስተን እንዳንረግጥ ያስፈራናል። ሹመት ሲጨመርበት ይብሳል። አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው ተሳስቶ መሣቅ ካልለመደ፣ ጡረታ ላይ የሚቀረው ትርፍ ጊዜ ማንም የማያርመው ዓይነት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ውስጥ እንግባ።

በ1960 ሃሮልድ ዊለንስኪ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሁለት ተቃራኒ ግምቶችን ጎን ለጎን አቀረበ። አንደኛው እንዲህ ይላል። አሰልቺ ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ ይካካሳል፤ ቀን የተነፈገውን ነጻነት ከሥራ ውጭ ይፈልገዋል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቀን የደነዘዘ ማታም ይደነዝዛል፤ የሥራው ጠባይ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። የቱ ትክክል ይመስላችኋል? ሰው ሲጠየቅ የመጀመሪያውን ይወዳል። ፍትሕ ያለበት ይመስላላ! እንግሊዛዊው ስታንሊ ፓርከር ኋላ ላይ ሦስተኛ ጨመረ፤ ሥራና ትርፍ ጊዜ ጭራሽ የማይነካኩባቸው ሰዎችም አሉ አለ። አሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ባየሁት ሁሉ ሁለተኛው ግምት ይበረታል።

ለዚህ ደህና ማስረጃ ያመጣው ሮበርት ካራሴክ ነው፣ በ1979። ካራሴክ ሥራን በሁለት ጥያቄ ለየው። ሥራው ምን ያህል ይጠይቅሃል? አሠራሩንስ አንተ ምን ያህል ትወስናለህ? ብዙ የሚጠይቅ፣ ግን ምንም የማያስወስን ሥራ ሰውን በጭንቀት ይጨርሳል የሚለው ግኝቱ ዝነኛ ነው። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ከ1985 ጀምሮ የተደረገው፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘው ጥናትም፣ በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሰው ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ይህንን ሁላችሁም ሳትሰሙ አትቀሩም።

ብዙም የማይወራለት የካራሴክ ሌላኛው ግኝት ነው። ብዙም የማይጠይቅ፣ ምንም የማያስወስን ሥራም አለ። ፀጥ ያለ ሥራ። ካራሴክ ቅድም ካነሳሁት የስዊድን ጥናት የ1968ንና የ1974ን መልሶች ወስዶ አየ። በነዚህ 6 ዓመታት ውስጥ ሥራቸው እንዲህ ፀጥ ያለባቸው ሰዎች ከሥራ ውጭም ዳር ተመልካች ወደመሆን አዘንብለው ተገኙ። ሥራቸው ይበልጥ ማሰብና መወሰን የሚጠይቅ የሆነላቸው ደግሞ ከሥራ ውጭም ነቃ ነቃ ብለዋል፤ በማኅበርና በፖለቲካ ሳይቀር።

እዚህ ላይ ፋብሪካ ብቻ እንዳይታያችሁ። ክራቫት ታስሮም የሚሠራ እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቷል። ፋይሉ ይመጣል። ገጹ ይገለጣል። ከታች በቀኝ በኩል ይፈረማል። ማኅተም ይደረግበታል። ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሄዳል። ሌላ ፋይል ይመጣል። ፈራሚው ፋይሉ ውስጥ ያለውን የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ፊርማው ካልኖረ ግን ጉዳዩ አይሄድም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ይህንን 25 ዓመት የሠራ ሰው ማታ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ አስተውሉት። ሪሞቱን ያነሳል። የሚፈልገውን ቻናል አይፈልግም፤ የተከፈተው ላይ ይቆያል። «ምን እያየህ ነው?» ስትሉት፣ «እኔ እንጃ፣ የመጣውን» ይላል።

እኔ በዚህ ሰው አልፈርድም። መፈለግ ልክ እንደ ቋንቋ ነው፤ ካልተናገሩት ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ምን ትፈልጋለህ ተብሎ የማይጠየቅ ሰው ማታ ራሱን መጠየቅ ያቅተዋል። ጡረታ ሲመጣ ደግሞ ማታው ቀኑን ሙሉ ይሆናል። አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ሰው 24 ሰዓቱን በምን እንደሚያሳልፍ ትመዘግባለች። በመዝገቡ መሠረት 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በአማካይ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ቴሌቪዥን ያያሉ። የትርፍ ጊዜያቸው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ቲቪ ማየት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም አያለሁ። ግን «ጡረታ ስወጣ በቀን 4 ሰዓት ቲቪ አያለሁ» ብሎ የዛተ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ተቃራኒውም ተጠንቷል። አሜሪካውያኑ ሜልቪን ኮንና ካርሚ ስኩለር በ1964 ከ3 ሺህ በላይ ሠራተኛ ወንዶችን ጠየቁ። በ1974 ከመካከላቸው የተወሰኑትን እንደገና፣ በ1994 ደግሞ በሕይወት ያሉትን እንደገና። የተወሳሰበ ሥራ፣ ማለትም ማሰብና በራስ መፍረድ የሚጠይቅ ሥራ፣ የሰውን አስተሳሰብ ያፍታታል። ይህ ውጤት ዕድሜያቸው በገፋው ላይ ጭራሽ ጎልቶ ታየ። ማሰብ የሚጠይቅ የትርፍ ጊዜ ነገርም በበኩሉ ያንኑ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፤ ወይም አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርዳል።

ሥራ የሚወስደው አእምሮን ብቻ አይደለም። ሰውነትንም ይወስዳል። «የጉልበት ሠራተኛ ስፖርት ምን ያደርግለታል? ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ይውላል» ይባላል። የዴንማርኩ ተመራማሪ አንድሪያስ ሆልተርማንና ባልደረቦቹ ይህንን አባባል ጥያቄ ውስጥ ከተውታል። በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመለከቱ፣ ሥራቸው ከባድ የጉልበት እንቅስቃሴ የሆነ ወንዶች እንቅስቃሴ የማይበዛበት ሥራ ካላቸው ይልቅ ቀድሞ የመሞት ዕድላቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በትርፍ ጊዜ መንቀሳቀስ ጤና ሲሰጥ፣ በሥራ ላይ መንቀሳቀስ ያንኑ አይሰጥም። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ሯጭ ሲደክመው ይቆማል። ተሸካሚ ሲደክመው አይቆምም። ሯጭ ነገ ያርፋል፤ ተሸካሚ ነገም ይሸከማል። ታዲያ ይህ ሰው ጡረታ ሲወጣ «አሁን ተራራ እንውጣ» ብትሉት ወገቡ ቀድሞ ይመልስላችኋል።

ረጅም ሰዓትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 አንድ ላይ ያወጡት ግምት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ሕመም የመሞት አደጋውም በ17 በመቶ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬንስ በ1930 የልጅ ልጆቻችን በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራሉ ብሎ ነበር። የልጅ ልጆቹ እኛ ነን መሰለኝ። ስንት ሰዓት እንደምንሠራ ለናንተው ትቼዋለሁ።

ከሰዓቱ ብዛት በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የሰዓቱ አለመታወቅ።

አንዲት ነርስ አውቃለሁ። ወጣት ሳለች ጎበዝ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። የጓደኞቿ ቡድን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ይለማመዳል። የሥራ ቦታዋ የፈረቃ ሰሌዳ ግን በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፤ ማታውኑ ለቡድኑ «በዚህ ሳምንት ማክሰኞ አልችልም፣ ሐሙስ ምናልባት» ብላ ትጽፋለች። ሐሙስ ሲደርስ አንዷ ባልደረባ ትታመምና እሷ ተተክታ ትገባለች። የሥራ ሰዓቷ ሲደመር ከማንም አይበልጥም። እንዲያውም በመሃል ባዶ ቀን ታገኛለች፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ። ማን ሊጫወት? ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ቡድኑ ሲቆይ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ያዘ። ማንም አልከፋባትም። «እሷ አትችልም» የሚል ነገር በዝምታ ተለመደ፤ ከዚያ መጥራቱም ቀረ። አሁን ጡረታ ላይ ናት። ማክሰኞም ሐሙስም ነጻ ናት። ቡድኑ ግን የለም። ቢኖርም አባላቱን አታውቃቸውም።

ከሰው ጋር የሚደረግ ነገር ሁሉ ቋሚ ቀን ይፈልጋል። መዘምራን ቢሉ፣ ቡድን ቢሉ፣ የንባብ ክበብ ቢሉ፣ ቼዝ ቢሉ። ቀኑን የማያውቅ ሠራተኛ የሚቀረው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ነው። ሲደክመው ደግሞ ብቻውን የሚያደርገው ነገር ስልክ መነካካት ይሆናል። ለዚህ ነው ቅድም በሥራ ቀን ማታ እዚህ መምጣታችሁን ያደነቅኩት። ማታችሁ የናንተ መሆኑን አስቀድማችሁ ማወቅ ነበረባችሁ። ያንን የማያውቁ ሰዎች ዛሬ እዚህ የሉም።

ስለ ሴቶች ሳልናገር ባልፍ ያስወቅሰኛል። አርሊ ሆክሽልድ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1989፣ ከደመወዝ ሥራ መልስ ቤት ውስጥ የሚጠብቀውን ሥራ ሁለተኛ ፈረቃ ብላ ጠራችው። የወንዱ ትርፍ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት የእሱ ነው። የሴቷ ቁርጥራጭ ነው። አሥር ደቂቃ እዚህ፣ ሩብ ሰዓት እዚያ፣ ያውም ጆሮዋ ልጁ ክፍል ሆኖ። በቁርጥራጭ ጊዜ ቫዮሊን አይለመድም። ጡረታ ሲመጣም ሁለተኛው ፈረቃ ጡረታ አይወጣም፤ የልጅ ልጅ ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ግን ከጎረቤትም ከዘመድም ያላትን ግንኙነት ስትጠብቅ የኖረችው ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። ወዳጆቹ በሙሉ የሥራ ባልደረቦቹ የነበሩ ወንድ ግን መታወቂያውን ሲመልስ ወዳጆቹንም አብሮ ይመልሳል። ይህን በጥናት ሳይሆን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምናገረው፤ የናንተን ልምድ አብራችሁ መዝኑት።

«ዋናው ጊዜ ማግኘት ነው፤ ጊዜ ካለ ሌላው ይመጣል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለናንተ የማሪየንታልን ታሪክ ልንገራችሁ። ከቪየና ብዙም የማይርቅ ትንሽ መንደር ነው። ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚተዳደረው። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ እና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1931 ጀምሮ መንደሩን አጠኑ፤ በ1933 አሳተሙት። በፊት የመንደሩ ሰው በሥራ ተወጥሮም ያነብ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ጊዜው ተትረፈረፈ። ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለመዋስ ይከፈል የነበረውም ቀረ። ከዚያስ? የሚዋሰው መጽሐፍ ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ።

አጥኚዎቹ መስኮት አጠገብ ተደብቀው በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ተከታተሉ። ስንት ጊዜ ይቆማል? እርምጃው ምን ያህል ይፈጥናል? ወንዶቹ መንገዱን ሳይጨርሱ ደጋግመው ይቆማሉ። ሴቶቹ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ ቤት ሥራ አላቸው። ብዙ ወንዶች ሰዓት መያዝ ትተዋል። ቀናችሁን በየሰዓቱ ጻፉ ሲባሉ ከመነሳት፣ ከምሳና ከመተኛት በቀር የሚጽፉት ያጣሉ።

ይህ ሥራ አጥነት ነው፣ ድህነትም አለበት፤ ጡረታ አይደለም። ልዩነቱ ይገባኛል። ግን ያሆዳ ኋላ ላይ ከዚህ ተነስታ የጻፈችው ጡረተኛውንም ይመለከታል። ሥራ ከደመወዙ ሌላ ሳናውቀው የሚሰጠን ነገር አለ። ቀኑን ይከፋፍልልናል። ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኘናል። ከራሳችን የሚበልጥ ዓላማ ውስጥ ያስገባናል። ማን እንደሆንን ይነግረናል። ባንፈልግም ከቤት ያስወጣናል። እነዚህን ሁሉ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲያገኝ የኖረ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣል። ከሁለት ቦታ ሲያገኝ የኖረ ግን ግማሹ ይቀርለታል።

ጨለማ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ደስ የሚለውንም ልጨምር። በፈረንሳይ የጋዝና የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ከ1989 ጀምሮ የተከታተለ ጥናት አለ። ጡረታ ከወጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል፣ ጤናዬ ጥሩ አይደለም የሚሉት ከጡረታ በፊት ባለው ዓመት 19 በመቶ ገደማ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 14 በመቶ ወረዱ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከ8 እስከ 10 ዓመት ወጣት ከመሆን ጋር አስተካክለውታል። እንቅልፋቸውም ተሻለ፤ ድካሙም ቀለለ። እፎይታው የበለጠው ደግሞ ሥራቸው መጥፎ ለነበሩት ነው። ስለዚህ ጡረታ በራሱ ሰውን አይገድልም። ጉልበት ይመልሳል። ያ የተመለሰ ጉልበት ወዴት ይሄዳል ነው ጥያቄው። በ62 ዓመታችን ጠዋት ትኩስ ሆነን ተነስተን የምንሄድበት ቦታ በ47 ዓመታችን የጀመርነው ከሆነ፣ ጉልበቱ ቦታ አለው።

ምን ይደረግ? ለአሠሪዎች የምለው ብዙ አይደለም፣ ግን ከበድ ያለ ነው። የፈረቃ ሰሌዳን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ማሳወቅና አለመለወጥ፣ ከየትኛውም የጡረታ ስንብት ስጦታ ይበልጣል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል ስለሚላቀቅበት ሁኔታ እንዲደራደሩ በሕግ አስገድዳለች። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1970 ያወጣው ስምምነት በዓመት ቢያንስ ሦስት ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት ይላል። ዕረፍታችሁን እየሸጣችሁ ወይም እያጠራቀማችሁ የምትኖሩ፣ እናንተንም ነው የማወራው። ደግሞ ያ የጡረታ ዝግጅት ሥልጠና የሚሉት ነገር! በ59 ዓመት ተጠርቶ፣ ግማሽ ቀን ስለ ገንዘብ ብቻ ተወርቶ፣ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ «ትርፍ ጊዜያችሁንም በአግባቡ ተጠቀሙ» ተብሎ መለያየት። በ45 ዓመት ቢሰጥ እኔም በነጻ መጥቼ አስተምራለሁ።

ለራሳችን ደግሞ፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው የምመክረው። አንድ ነገር። ከሥራችሁ ጋር የማይገናኝ፣ ቢቻል ከሥራ ባልደረባ ሌላ ከሆኑ ሰዎች ጋር፣ ቀኑ የታወቀ፣ እናንተ አለቃ ያልሆናችሁበት። በወር ሁለቴ ቢሆን ይበቃል። ጎበዝ መሆን የለባችሁም፤ እንዲያውም ባትሆኑ ይሻላል። ሰውነትንም የሚያንቀሳቅስ ቢሆን እሰየው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ላለፋቸው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ ነገር። ዳንስ ሁለቱንም ያሟላል፣ በዚያ ላይ ሰው አለበት። አልደንስም የምትሉ አትደንሱ። ብቻ የሚያርማችሁ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን።

ይህን ጨርሼ ስወርድ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሴት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መልሱን እዚህ ጽሑፍ ላይ ጨምሬዋለሁ። «እኔ 58 ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አልያዝኩም። አልፎብኛል ማለት ነው?» አሉ።

አላለፈዎትም አልኳቸው። ግን ጡረታዎን አይጠብቁ። አሁን ሥራ ላይ እያሉ ቀኑ ገና የተከፋፈለ ነው፤ አንድ ማታ ከዚያ ውስጥ መቁረጥ ሰፊውን ባዶ ቀን ከዜሮ ከመሙላት ይቀላል። ከልጅነትዎ ወይም ከወጣትነትዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ከእሱ ይጀምሩ፤ እጅ የማይረሳው ነገር አለ። ምን እንደነበረ ጠየቅኳቸው። «ሥዕል» አሉ፣ ትንሽ አፈር እያሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ ዞር አሉና የሚሄዱበት የሥዕል ቡድን ቅዳሜ ጠዋት እንደሚገናኝ፣ ብሩሽ ሳይቀር እንደሚያውሷቸው ነገሯቸው። ሴትዮዋም ስልካቸውን አውጥተው ቁጥር መመዝገብ ጀመሩ።